በጀልባው ሽቦ ላይ የታሰረው ክር

አንድ ሰው ነበር። አሮጌ ጀልባው ውስጥ፣ መሪው ሥር ተንበርክኮ፣ ጥቁር ሽቦዎች በእጁ ይዞ ግራ የገባው ሰው። አንዱን ያነሣል፣ ያየዋል፣ ይተወዋል። ሌላውን ያነሣል፣ ያየዋል፣ ይተወዋል። ሁሉም ጥቁር ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የትኛው የምን እንደሆነ ጠዋት ያውቅ ነበር። አሁን ከሰዓት ግን አያውቅም።

እናቶች፣ እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት በእጃችሁ የነበረ ነገር ከሰዓት ጠፍቶባችሁ ያውቃል? እኔ ይህን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ ግራ እንደገባኝ ነው። ማንን ልውቀስ፣ ለማን ልዘን፣ አላውቅም። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ልንገራችሁና አብረን እንየው።

ሰውየው አንጁሎ ይባላል። ጫሞ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያሻግር ነው። ጀልባዋ ያረጀች ናት። ቀለሟ ተላጥቷል፣ ወንበሮቿ ተቀዳደዋል፤ ሞተሯ ግን ገና ደኅና ነው።

የጀልባ ነገር ብዙ አላውቅምና የገባኝን ያህል ነው የምነግራችሁ። መሪው ፊት ለፊት ዳሽቦርድ የሚሉት አለ፤ እንደ መኪናው ማለት ነው። በላዩ ላይ ክብ ክብ መስታወቶች አሉ፤ በየመስታወቱ ውስጥ አንዲት መርፌ አለች። አንዷ መርፌ የሞተሩን ሙቀት ትናገራለች። አንዷ የዘይቱን። አንዷ የባትሪውን፣ አንዷ የነዳጁን። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ነጂው ከፊት ነው። ነጂው ሞተሩን አያየውም። ታዲያ ሞተሩ ሲታመም በምን ያውቃል? በመርፌዎቹ ነዋ! መርፌዎቹስ በምን ያውቃሉ? በሽቦ። ከኋላ ተነሥቶ፣ በወለሉ ሥር ሾልኮ፣ ፊት ድረስ በሚመጣ ሽቦ።

የዚች ጀልባ ሽቦ ደግሞ አርጅቷል። ናስትሮ በናስትሮ ላይ ተጠቅልሏል። ማዕበል ሲመታት መርፌዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ደግሞ ያለ ምክንያት ብድግ ይላሉ። ተሳፋሪዎች ይስቁበታል።

"አንጁሎ፣ ሰዓትህ ቆመ እኮ!" ይሉታል።

"ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ አዞ ሰዓት አይጠይቅህም!" ይላቸዋል።

ይሳቃል፣ ይታለፋል። እንዲህ እየተሳቀ ብዙ ጊዜ ኖሩ።

አንድ ቀን ግን የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ማዶ ተሻግረው እንዲያገለግሉ ተጠሩ። ማዶ ያሉት ወገኖች አዲስ የጸሎት ቤት ሠርተው ሊመርቁ ነው። መዘምራኑን የሚያሻግረው ማነው? አንጁሎ። ከመዘምራኑ መካከል ማን አለች? ትርሲት፣ የገዛ ልጁ።

ያኔ ሳቁ ጠፋ። የሰው ልጅ ጭኖ ሲስቅ የኖረ ሰው የራሱን ልጅ ሊጭን ሲል መርፌዎቹን ደጋግሞ አያቸው። የሰው ልጅስ ልጅ አይደለም ወይ? እሱን ለሌላ ቀን እንተወው። ብቻ አንጁሎ ሽቦውን በሙሉ አውጥቶ በአዲስ ሊቀይረው ቆረጠ።

ለእናቱ አልነገራትም።

ለምን አልነገራትም? እናቱን ስለማታውቋት ነው። ባሎቴ ትባላለች። ባሏ ሸማኔ ነበር። አንድ የገበያ ቀን የሠራውን ጋቢና ኩታ ጠቅልሎ በሌላ ሰው ጀልባ ማዶ ሊሻገር ወጣ፤ ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ሞተሩ ፈላ፣ ቆመ፤ ነፋሱ ተነሣ። ያች ጀልባ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ባሎቴ ጀልባ ላይ እግሯን አላሳረፈችም። ልጇ ጀልባ ነጂ ሲሆንባትስ? ምን ታድርግ፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ትጠይቀዋለች።

"ሞተሩ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው እማዬ።"

"ነፋሱስ?"

"ነፋስ የለም እማዬ።"

"መንሳፈፊያ ጃኬቱስ?"

"አለ እማዬ። ሁሉም ደኅና ነው።"

ሁሉም ደኅና ነው። መርፌዎቹ ወድቀውም ደኅና ነው። ሽቦው ተበጣጥሶም ደኅና ነው። ልብ በሉልኝ፣ በክፋት አይደለም። እንዳትሰጋ ብሎ ነው። እናንተስ ስንት ጊዜ "ደኅና ነኝ" ተብላችኋል? ስንት ጊዜስ ብላችኋል?

አንጁሎ ሽቦ ሊገዛ ሱቅ ሄደ።

"ቀይ ሽቦ አለህ?"

"አልቋል።"

"ቢጫስ?"

"አልቋል።"

"ሰማያዊ? አረንጓዴ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ጀልባ ልትሠራ ነው ወይስ ሰርግ ቤት ልታስጌጥ? ያለኝ ጥቁር ነው!"

ጥቁሩን ይዞ ተመለሰ። ግን ሁሉም ጥቁር ከሆነ በምን ይለየዋል? አሰበ አሰበና የአባቱ ሣጥን ትዝ አለው። ሸማኔው ሲሞት ለጥበብ የሚያስገባው ባለ ቀለም ክር ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ነበር። ባሎቴ ለማንም አልሰጠችውም፤ አውጥታ ብሉን ታራግፍና መልሳ ታስቀምጠዋለች። አንጁሎ እናቱ ጸሎት እስክትሄድ ጠብቆ ሣጥኑን ከፈተና ከየቀለሙ ትንሽ ትንሽ ወሰደ። ልጁ ትርሲት አየችው።

"አባዬ፣ ክሩ ለምንድን ነው?"

"ለሥራ ነው። ለአያትሽ እንዳትነግሪ።"

ሐይቁ ዳር ወረደ። አሮጌውን ሽቦ መዝዞ ጣለ። አዲሱን በወለሉ ሥር አሾልኮ የኋላውን ጫፍ ከሞተሩና ከነዳጁ ጋን አገናኘ፤ የፊቱን ጫፍ ዳሽቦርዱ ሥር ተንጠልጥሎ እንዲቆይ ተወው። በየጫፉም ክር አሰረበት። ለሙቀቱ ቀይ። ለዘይቱ ቢጫ። ለባትሪው ሰማያዊ። ለነዳጁ አረንጓዴ። ተመለከተው፤ ደስ አለው። ከዚያ በሽቦው ጫፍ የሚገቡ ትንንሽ ብረቶች ጎድለውት ኖሮ በላስቲክ ሸፈነውና ወደ ከተማ ወጣ።

አሁን ወደ ባሎቴ እንመለስ። ከጸሎት ስትገባ የሣጥኑ ክዳን እንደተወችው አይደለም። ከፈተችው። ክሩ ተነክቷል።

"ትርሲት! ይህን ማን ነካው?"

"እኔ እንጃ አያቴ።"

"እኔ እንጃ አትበዪኝ። ዓይንሽ ይናገራል።"

"አባዬ ነው። ለሥራ ነው ብሎኛል። ለአያትሽ እንዳትነግሪ አለኝ።"

እናቶች፣ "ለአያትሽ እንዳትነግሪ" የሚባል ነገር ስትሰሙ ምን ይሰማችኋል? እኔ እንደሆነ ነጠላዬን አንሥቼ ነው የምወጣው።

ባሎቴ ለልጇ ምሳ ቋጥራ ሐይቁ ዳር ወረደች። ልጇ የለም። ጀልባዋ ውስጥ ሳትገባ፣ ከዳር ጎንበስ ብላ ላስቲኩን ገለጥ አደረገችው። የሞተ ባሏ ክር፣ ቀዩም ቢጫውም ሰማያዊውም አረንጓዴውም፣ ከጀልባዋ ሆድ ዕቃ ላይ ታስሮ ተንጠልጥሏል።

እሷ በተወለደችበት መንደር፣ ወንጌል ሳይደርሳቸው፣ አንድ ነገር ይደረግ ነበር። ከቤት ውስጥ ሰው ውኃ ከበላ፣ ሌላ እንዳይጨምር ተብሎ፣ የሟቹ እጅ የነካው ነገር ጀልባ ላይ ይታሰራል። ጠንቋዩ ነው የሚያዘው። ሴቶቹ እንዳያውቁ ተደርጎ ነው የሚታሰረው። ባሎቴ በልጅነቷ በዓይኗ አይታዋለች። ታዲያ አሁን ምን ታስብ? ሟች አለ። ክሩ አለ። ጀልባው አለ። "እንዳትነግሪ" አለ። እናንተ ብትሆኑ ሌላ ምን ታስቡ ነበር?

"ልጄን ወሰዱብኝ!" አለች። ሎሚ የምትቆርጥባትን ትንሽ ቢላ ከምሳው ቋጠሮ አወጣች። በኢየሱስ ስም እያለች፣ እያለቀሰች፣ አንድ በአንድ ቆረጠችው። ልታቃጥለው ነበር። የባሏ እጅ የነካው ክር ሆነባትና አልቻለችም። መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ምሳውን አስቀምጣ ሄደች።

ለልጇስ ነገረችው? አልነገረችውም። ምን ብላ? "ጠንቋይ ቤት ሄድክ ወይ?" ልትለው? ቢክድስ? ባይክድስ? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቢሰሙ ከአገልግሎት ያስቆሙታል፤ ልጅቷንም ያሸማቅቃሉ። ስለዚህ ዝም አለች። "ለጌታ ነግሬዋለሁ፣ ይበቃኛል" አለች።

አንጁሎ ተመለሰ። ክር የለም። መጀመሪያ እንደነገርኳችሁ፣ ተንበርክኮ ጥቁር ሽቦ በእጁ ይዞ ቀረ።

"ዝንጀሮ ነው" አለ። እዚያ አካባቢ ዝንጀሮ የማይወስደው ነገር የለም፤ ቀይ ነገር ካየ ደግሞ አያልፍም። ግን ዝንጀሮ ምሳውን ትቶ ክር ይወስዳል? ምሳው እዚያው እንደተቋጠረ ነው። ግራ ገባው። ቤት ሲገባ እናቱን ጠየቃት።

"እማዬ፣ ጀልባዋ ጋ ስትመጪ ሰው አይተሻል?"

"ማንን ልይ? ምሳህን አስቀምጬ ተመለስኩ።"

"ምንም አልነካሽም?"

"እኔ የጀልባ ነገር ምን አውቄ እነካለሁ? ምነው፣ ምን ጠፋህ?"

"ምንም። ምንም አልጠፋኝም።"

"ልጄ፣ የምትነግረኝ ነገር የለም?"

"የለም እማዬ። አንቺስ?"

"እኔ ምን አለኝ!"

ተያዩ። አንገታቸውን ደፉ። አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ አንዱ ሌላውን ሊያድን ብሎ እየዋሸው።

በማግስቱ አንጁሎ ብቻውን ታገለ። የባትሪውን ሽቦ በትንሽ አምፖል ሞክሮ አወቀው። የነዳጁንም ከጋኑ በኩል ስለሚመጣ ለየው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከሞተሩ የሚመጡ፣ ተጠላልፈው በአንድ ቀዳዳ የሚያልፉ። የሙቀቱና የዘይቱ። የትኛው የትኛው ነው?

መለያ አለው። አንድ ሰው ኋላ ሆኖ የሽቦውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ለቅጽበት ያነካካል፤ አንድ ሰው ፊት ቆሞ የትኛዋ መርፌ እንደዘለለች ያያል። ከቅጽበት ካለፈ መስታወቱ ውስጥ ያለው ይቃጠላል ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንጁሎ ግን አንድ ነው። ጓደኞቹን እንዳይጠራ "የገዛ ሽቦው ጠፋበት" ብለው ይስቁበታል፤ ደግሞም እዚያ ዳርቻ የተነገረ ነገር ሁሉ እናቱ ጆሮ ይገባል። እናቱን እንዳይጠራ፣ እንዳትሰጋ!

ታዲያ ምን አደረገ? ገመተ። "የቀኙ መሰለኝ" ብሎ አሰረው። ሞተሩን አስነሣ። መርፌዎቹ ተነሡ። "ተነሡ እኮ! ጌታ ይመስገን!" አለ። ተነሡ፤ ግን ስለ ምን ተነሡ? እሱን አያውቅም። እየተጠራጠረ ዳሽቦርዱን ገጠመው።

የመሻገሪያው ጠዋት ደረሰ። መዘምራኑ ከበሮና ኪቦርዳቸውን ይዘው ዳርቻው ላይ ተሰበሰቡ። ባሎቴ የትርሲትን ጃኬት ታጠብቃለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታጠብቃለች።

"አያቴ፣ አነቅሽኝ እኮ!"

"ታንቀሽ ማዶ ድረሺልኝ!"

ከመሳፈራቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ሁሉም በአንድ ላይ ድምፅ አውጥተው ጸለዩ። ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ሲጸለይ ማንም ማንንም አይሰማም። አንጁሎም ጀልባዋ ውስጥ ቁልፉን ይዞ ይጸልያል። ወንጌላዊው በመጨረሻ "በኢየሱስ ስም!" አለ። "አሜን!" ተባለ። ሁሉም ዝም አለ።

ባሎቴ ግን ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሰው ዝም ማለቱን አላወቀችም። ድምፅዋ ብቻውን ቀጠለ።

"...ከልጄ ጀልባ ላይ ያንን ክር እንድቆርጥ ጉልበት የሰጠኸኝ አምላክ፣ ተመስገን! ቀዩንም ቢጫውንም ያስቆረጥከኝ፣ ሰማያዊውንም አረንጓዴውንም፣ ተመስገን ጌታዬ! ልጄን ማርልኝ፣ ሳያውቅ ነው..."

አንጁሎ ቁልፉን ነቀለ።

"እማዬ፣ ምን አልሽ?"

ባሎቴ ዓይኗን ገለጠች። ሰው ሁሉ ያያታል።

"ለአንተ አይደለም። ለጌታ ነው የነገርኩት።"

"ጌታማ ያውቀዋል እማዬ" አላት። "የማላውቀው እኔ ነኝ።"

እናቶች፣ ይህችን ቃል ስሰማ ነው እኔ የተቀመጥኩበት የቀረሁት።

አንጁሎ ከጀልባዋ ወርዶ እናቱ ፊት ቆመ። "ክሩ የሽቦ ምልክት ነበር እኮ እማዬ። ሽቦው ሁሉ ጥቁር ሆኖብኝ ነው።"

"ለሐይቁ አይደለም?"

"ለየቱ ሐይቅ?"

"እንግዲያ ለምን ደበቅከኝ?"

"እንዳትሰጊ ብዬ።"

"አሁን ታዲያ አልሰጋሁም?"

ከመዘምራኑ አንዱ ሳቀ። መሪያቸው ግን ሰዓቱን እያየ "ጋሽ አንጁሎ፣ ምረቃው ይጀመራል፣ ረፈደብን እኮ" አለ።

"ይርፈድ። የሞተሩን ነገር ሳላውቅ ልጆች አልጭንም" አለ። ከዚያ እጁን ለእናቱ ዘረጋ። "ነይ እማዬ፣ ግቢ። ዓይኑን ከመርፌው የማይነቅል ሰው ነው የምፈልገው። ከአንቺ የበለጠ የት አገኛለሁ?"

ባሎቴ ወደ ኋላ አለች። ጀልባዋን አየች። ሐይቁን አየች። ትርሲትን አየች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ የልጇን እጅ ይዛ፣ ገባች። ባሏ ካለፈ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ጀልባዋ ስትወዛወዝ "ኧረ በስመአብ!" አለች፤ ግን አልወረደችም።

አንጁሎ ቁልፉን አብርቶ ኋላ ሄደ። "እማዬ፣ እያየሽ ነው?"

"እያየሁ ነው!"

"አሁን ነካሁት! የትኛዋ ተነሣች?"

"የቀኟ! የቀኟ ብድግ አለች!"

አንጁሎ ሽቦውን ከእጁ ለቀቀ።

"አንጁሎ? የቀኟ ናት አልኩህ እኮ!"

አንጁሎ የሞተሩ ጎን ተቀምጧል። የነካው የሙቀቱን ሽቦ ነበር። የቀኟ መርፌ ግን የዘይቱ ናት። አቀያይሮታል። ሐይቁ መሐል ሞተሩ ቢፈላ የዘይቷ መርፌ ከፍ ትላለች፤ እሱም "ዘይቱ ደኅና ነው" ብሎ ይነዳል። እስኪቆም ድረስ ይነዳል። እንደዚያች እንደ አባቱ ጀልባ።

ባሎቴ ይህን ሲነግራት አልጮኸችም። መቀነቷን ፈታች። ክሮቹን አወጣች።

"ቀዩ የምን ነበር?" አለችው።

"የሙቀቱ።"

አሰረችው። የሸማኔ ሚስት ናት፤ እንዴት እንደሚታሰር ታውቃለች።

"ቢጫውስ?"

"የዘይቱ።"

እሱንም አሰረችው። አንጁሎ ሁለቱን ሽቦ አቀያይሮ በየመርፌያቸው ገጠማቸው። ረፍዶ፣ ምረቃው ተጀምሮ፣ ተሻገሩ። ባሎቴም አልወርድም አለች፤ ዳሽቦርዱ አጠገብ ተቀምጣ ተሻገረች። ሐይቁ መሐል ሲደርሱ እንደ ልማዷ "ሞተሩ ደኅና ነው?" ብላ ጠየቀችው። አንጁሎ መርፌዋን አየ። ከዚያም በዕድሜው ያላላትን ነገር አላት።

"ትንሽ ሞቋል እማዬ። ቀስ እንበል።"

ቀስ አሉ። በረደ። ደረሱ።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ጥፋተኛዋ እናትየዋ ናት እንዳልል፣ አፏ ባይከፈት ማን ይተርፍ ነበር? ደግ አደረገች እንዳልል፣ እጇ ባይቆርጥ ማን ይጠፋ ነበር? ልጁን እንዳልወቅስ፣ ያዘነላት ለእናቱ ነው። እኔ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነኝ። መስጋት አታቁሙ ልበላችሁ ወይስ አቁሙ ልበላችሁ፣ አላውቅም። እኔ ራሴ የልጅ ልጄ ባጃጅ ላይ ስትወጣ ታርጋውን የማነብ ሴት ነኝ።

ይህን ያህል ግን ገብቶኛል። ባሎቴ ስለ ልጇ ለጌታ ያልነገረችው የለም፤ ለልጇ የነገረችው ግን ምንም አልነበረም። እናንተስ? ልጃችሁ በሩን ዘግቶ ስልክ ሲያወራ ቢላችሁን ይዛችሁ ገብታችኋል? ከጓደኛው ቆርጣችሁታል? ልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ያገኛችሁትን ነገር ወስዳችሁ ደብቃችኋል? ምን እንደሆነ ጠይቃችኋታል ወይ? እሷስ "ደኅና ነኝ" ስትላችሁ፣ መርፌው በትክክል ታስሯል ወይ? እናንተስ ደረታችሁን እየወጋችሁ "ደኅና ነኝ" ያላችሁት ለማን ነው? እንዳይሰጋ ብላችሁ ያለ መርፌ የሰደዳችሁት ማንን ነው?

ለጌታ መንገራችሁን አትተዉ። አደራ፣ አትተዉ። ግን አንድ ዓይን ፊት ይቆማል፣ አንድ እጅ ኋላ ይነካል፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል ብያችኋለሁ።

አሁን ልንጸልይ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ በመቀነታችሁ የቋጠራችሁትን አንድ በአንድ ለጌታ ትነግሩታላችሁ። ንገሩት። ከዚያ "አሜን" ብላችሁ ዓይናችሁን ስትገልጡ አንድ ሰው አስቡ። ጌታማ ያውቀዋል። የማያውቀው ማነው? ዛሬ ምሳ ሳይቀርብ፣ ለእሱ ሂዱና ንገሩት።